ቤት ሲሠራ ሰው ቢጎዳ፦ የባለቤቱ ኃላፊነትና የመድን ነገር በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

ቤት የሚያሠራ ወይም የሚያስጠግን ሰው፣ ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ፣ በግቢው ውስጥ ድንጋይ ለሚጠርበው፣ ጭቃ ለሚያቦካው፣ ጣሪያ ላይ ለሚወጣውና ሥራውን ለማየት ጎራ ለሚለው ሰው አካልና ሕይወት በሕግ ፊት ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ተጠያቂነት «ኃላፊነት» ይባላል፤ አንድ ሰው በሌላው ላይ ለደረሰ ጉዳት ከገዛ ሀብቱ ካሣ የመክፈል ግዴታ አለበት ማለት ነው። «መድን»፣ በተለምዶም ኢንሹራንስ የሚባለው ደግሞ ይህን ግዴታ ወይም ጉዳቱ የሚያስከትለውን ወጪ በብዙ ሰዎች መዋጮ ላይ የሚያከፋፍል ውል ሲሆን፣ ለዚህ አስቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ «አረቦን» ይባላል። ቤት ሲሠራ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ ግንበኛው ዋጋ ብዙ ይነገራል፤ ሰው ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል፣ ቢሞትስ ልጆቹን ማን ያሳድጋል የሚለው ጥያቄ ግን ክፉ እንደ መመኘት ስለሚቆጠር ሳይነሣ ይቀራል። ጥያቄው መነሣት ያለበት ግን መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚሰጠው መልስ የተጎዳው ሰው በምን ዓይነት ስምምነት ወደ ግቢው እንደ ገባ እየታየ ይለያያል፤ መድንም ከአደጋ በኋላ አይገዛም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ የቤት ሥራ የራሱ አደጋ አለው። የመንዝ ምድር በብዙ ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ፣ ነፋሱ የማያባራ፣ ውርጩ የሚበረታ አገር በመሆኑ የባላገሩ ቤት በወፍራም የድንጋይ ግንብ ይሠራል፤ ድንጋዩም ከካባ ወይም ከገደል ሥር በዲጅኖና በመዶሻ እየተፈለጠ፣ በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ይመጣል። ጣሪያው ቀድሞ በጓሳ ሣር ይከደን ነበር፤ የመንዝ ሰዎች የጓሳን ምድር ከጥንት ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት እየዘጉና እየከፈቱ በጋራ ሲጠብቁት የኖሩበት አንዱ ምክንያትም የቤት ክዳን የሚገኝበት መሆኑ ነው። ዛሬ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ የሚሠራው ቤት አብዛኛው ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ባለ ፎቅ ሕንፃም እየታየ ነው። ለውጡ ቤቱን ቢያሻሽለውም አደጋውን አልቀነሰውም፤ በደጋው ነፋስ ውስጥ በማገር ላይ ቆሞ ቆርቆሮ የሚዘረጋን ሰው ነፋሱ ከነቆርቆሮው ሊገፋው ይችላልና፣ የሚወድቅበት ከፍታም ከጎጆው ዘመን ይልቅ ጨምሯልና።

ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው በመወጣጫው ላይ ነው። መወጣጫ ማለት ግንበኛው ወይም ለሳኙ ቆሞ እንዲሠራ ከግድግዳው ጎን ከባሕር ዛፍ አጣና የሚቆም ጊዜያዊ መደብ ሲሆን፣ አጣናው ብዙውን ጊዜ በዚያው ሳምንት የተቆረጠ እርጥብ እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት በፀሐይና በነፋስ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም በመጀመሪያው ቀን ጠብቆ የነበረው ሚስማር ይላላል፣ ተወጥሮ የነበረው ገመድም ይረግባል፤ ስለዚህ ሰኞ ሰው በደኅና የተሸከመ መወጣጫ በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ ሰው ላይሸከም ይችላል። የቋሚዎቹ እግር ያረፈው በቅርብ በተደለደለ አፈር ላይ ከሆነ አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ አንዱን እግር ያሰምጠዋል፤ የመርገጫው ሳንቃ ጫፉ ካልታሰረ ደግሞ ሠራተኛው ወደ ዳር ሲጠጋ ይገለበጣል። ይህን ሁሉ ማየት የሚቻለው በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መወጣጫውን ዞሮ በመነቅነቅ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ይህ የማን ሥራ እንደ ሆነ በግልጽ የተነገረው ሰው የለም። ባለቤቱ ግንበኛው ያውቃል ይላል፣ ግንበኛው መወጣጫውን የሠራው አናጺው ነው ይላል፣ አናጺው ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ሰንብቷል።

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በበዓለ ንግሥ ዕለት በግንባታ ላይ ባለው ሕንፃ ውስጥ የቆመ የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ምእመናን ሞቱ፤ ከዚያ እጅግ የሚበልጡትም ቆሰሉ። ይህ የአገር ሐዘን ነው፤ እዚህ የሚነሣውም ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥ የዘለቀውን ሁሉ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ለጥቂት ሠራተኞች ታስቦ የቆመ እንጨትም ብዙ ሰው እንዳይወጣበት መከልከል እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር በአካባቢው ስላልታየ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ ምሳ ይዛ የምትመጣ እህት፣ ሥራውን ሊመርቅ የሚገባ ካህን ሁሉም በሕግ ዓይን የሚጠበቁ ናቸው።

ሕጉን በተመለከተ ዋናው ምንጭ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ በሰዎች መካከል ውል ሳይኖር ለሚደርስ ጉዳት ስለሚከፈል ካሣ ከአንቀጽ 2027 ጀምሮ ሲደነግግ ኃላፊነትን በሦስት መንገድ ያመጣዋል። የመጀመሪያው ጥፋት ነው፤ አስቦም ሆነ በቸልተኝነት ሌላውን የጎዳ በአንቀጽ 2028 መሠረት ይክሳል። ሁለተኛው ሰውየው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ንብረቱ ወይም ሥራው ለጉዳቱ ምክንያት ስለ ሆነ ብቻ የሚጠየቅበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሥሩ ያለ ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ሠራተኛው፣ ባጠፋው ጥፋት የሚጠየቅበት ነው። ብዙ ባለቤቶች «እኔ ምን አጠፋሁ» በሚለው መከላከያ ይተማመናሉ፤ መከላከያው ግን የሚጠቅመው በመጀመሪያው መንገድ ለመጣ ክስ ብቻ ነው።

ለቤት ባለቤት እጅግ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። በአንቀጽ 2077 መሠረት የአንድ ሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ሁሉ፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ድንገተኛ ነገር ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው። በአንቀጽ 2086 እንደ ተመለከተው ባለቤቱ ጥፋት የለብኝም፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ልከላከለው አልችልም ነበር፣ ወይም ያጠፋው ሌላ ሰው ነው በማለት ነጻ አይወጣም፤ ነጻ የሚወጣው ወይም ኃላፊነቱ የሚቀነስለት ጉዳቱ በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ሊናድ የሚያስፈራ ቤት በጎረቤቱ ያለበት ሰውም የቤቱ ባለቤት ተገቢውን እርምጃ እንዲወስድ የመጠየቅ መብት ተሰጥቶታል። እንግዲህ የግንብ አጥር በክረምት ተንዶ መንገደኛ ቢመታ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ አጥሩን ለዓመታት ያላየው ቢሆንም፣ ክሱ እርሱን ይከተለዋል። ከባለቤቱ ጋር ውል ይዞ የሚሠራ ሰው በተጎዳ ጊዜ ግን ነገሩ በመጀመሪያ የሚመዘነው በውሉና በሥራ ሕጉ ስለ ሆነ፣ የውሉን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል።

በቤት ሥራ ላይ ሁለት ዓይነት ውል አለ። አንዱ የሥራ ውል ነው፤ በዚህ ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝና ቁጥጥር ሥር ሆኖ ጉልበቱን ወይም ሙያውን በቀን ወይም በወር ክፍያ ያውላል። ሌላው የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2610 እና በሚከተሉት የሚያወሳው፣ ሕዝቡ «በቆንትራት ሰጠሁት» የሚለው ነው፤ በዚህ ግንበኛው ወይም ተቋራጩ ሥራውን በራሱ ኃላፊነት፣ በራሱ ሠራተኞችና በራሱ ዘዴ ፈጽሞ ውጤቱን ያስረክባል። ልዩነቱ ጉዳት ሲደርስ ትልቅ ነው፤ አንቀጽ 2134 እንደሚለው ሥራ የሰጠ ሰው፣ ሥራውን የተቀበለው በሥልጣኑ ሥር ያልሆነና ነጻነቱን የጠበቀ ከሆነ፣ በዚያ ሰው ጥፋት አይጠየቅም። ነገር ግን ሕጉ የሚመለከተው የውሉን ርእስ ሳይሆን ሥራው በተግባር እንዴት ይመራ እንደ ነበር ነው። በወረቀት «ቆንትራት» ተብሎ ሳለ ባለቤቱ በየጠዋቱ መጥቶ «አንተ እዚህ ውጣ፣ አንተ ያንን አፍርስ» የሚል፣ የቀን ሠራተኛውን ራሱ የሚቀጥር፣ ራሱ የሚያሰናብትና ገንዘቡንም በእጁ የሚቆጥርለት ከሆነ፣ አሠሪ መሆኑን መካድ ይቸግረዋል። በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ግንበኛውን በቆንትራት፣ ረዳቶቹን በቀን ማሠራት የተለመደ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቀው የረዳቶቹ አሠሪ የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

የሥራ ውል መኖሩ ከታወቀ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ይመጣል። አዋጁ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ይህ አሳብ በዓለም የታወቀው በ1884 እ.ኤ.አ. ጀርመን፣ በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ ብሪታንያ የሠራተኞች የጉዳት ካሣ ሕግ ባወጡ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት የተጎዳ ሠራተኛ አሠሪው ማጥፋቱን ማስረዳት ነበረበት፣ አብዛኛው የሥራ አደጋ ደግሞ የማንም ጥፋት በግልጽ የማይታይበት ስለ ሆነ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በአዋጁ መሠረት አሠሪው የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል፤ ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለተከታዮቹ 3 ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ደግሞ 50 በመቶ ያላነሰ ይከፍለዋል። ጉዳቱ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት የማያስችል ከሆነ ካሣው የ5 ዓመት ደመወዝ ያህል ነው፤ ከፊል ከሆነም እንደ ጉዳቱ መጠን ይታሰባል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ረዳት ግንበኛ አከርካሪው ተሰብሮ መሥራት ባይችል የዓመት ደመወዙ 72,000፣ የ5 ዓመቱም 360,000 ብር ይሆናል ማለት ነው፤ ጉዳቱ 40 በመቶ ነው ተብሎ በሐኪሞች ቢወሰን ደግሞ 144,000 ብር። ለአንድ ወጣት ቀሪ ዕድሜ ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ሁለት ክፍል ቤት በብድር ለሚያሠራ አስተማሪ ግን ቤቱን የሚያሸጥ ዕዳ ነው። ሕጉ ለተጎጂው አዝኖ ያስቀመጠው ካሣ ሁለት ድኻ ቤተ ሰብ እርስ በርስ እንዲካሰስ የሚያደርገው መድን በሌለበት ነው።

አዋጁ ሁሉንም አይሸፍንም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውል፣ ማለትም የቤት ሠራተኛ፣ የግቢ ዘበኛና የመሳሰሉት፣ ከአዋጁ ወሰን ውጭ ተደርገዋል፤ በሙያው በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ሰውም እንዲሁ። ለመኖሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ቤት የሚያሠራ ግለሰብ ከቀጠራቸው የቀን ሠራተኞች ጋር ያለው ግንኙነት በአዋጁ ይሸፈናል ወይስ በግል አገልግሎት ይመደባል የሚለውም በጠበቆች መካከል የሚያከራክር ነው። ከአዋጁ ውጭ ለሆኑት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ሥራ ውልና ስለ ቤት አገልጋዮች የደነገገው ይሠራል። ግንብ የሚገነባው ሰው በፋብሪካ አጥር ግቢ ቢወድቅ በግልጽ የሚጠበቅ፣ በግለሰብ ግቢ ቢወድቅ ግን በመጀመሪያ የየትኛው ሕግ ሰው እንደ ሆነ የሚከራከር መሆኑ ፍትሐዊ አይደለም፤ ስብራቱ አንድ ነው፣ የሚጠብቁት ልጆችም ያው ናቸው።

በገጠሩ ግን ከቅጥር ይልቅ የሚበዛው የወዳጅ ጉልበት ነው። ደቦ ባለ ጉዳዩ ጎረቤቶቹን ጠርቶ ለአንድ ቀን ሥራ የሚያሠራበትና የሚያበላ የሚያጠጣበት ልማድ ሲሆን፣ ወንፈል ደግሞ ሰዎች በየተራ አንዱ ለአንዱ የሚሠራበት የጉልበት ብድር ነው። ድንጋይ ማመላለስ፣ ጭቃ ማቡካትና ቤት መክደን በዚህ መንገድ ይከናወናል። ደመወዝ ስለሌለ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይመለከተውም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ፈጽሞ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ጎረቤቱ በቸልተኝነት በተሠራ መሰላል ላይ እንዲወጣ ከተደረገ አንቀጽ 2028 ይመጣል፤ የቆመ ግድግዳ ተንዶበት ከሆነ አንቀጽ 2077 አለ፤ ሌላው ደቦኛ ከላይ በጣለው ድንጋይ ከተመታም በአንቀጽ 2067 መሠረት በድርጊቱ የሰውን አካል የጎዳ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ሊጠየቅ ይችላል።

በዚህ ላይ ሳይነሣ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መጠጡ ነው። የሥራ ሕጉ ራሱን መቆጣጠር እስኪሳነው ሰክሮ በሥራ ላይ ለተገኘ ሠራተኛ ጉዳት አሠሪውን ከኃላፊነት ያወጣዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም የተጎጂውን ጥፋት ካሣ መቀነሻ ያደርገዋል። በደቦ ግን ጠላውን የሚቀዳው ባለቤቱ ራሱ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ጽዋው ሳይጎድል እየተሞላለት የዋለን ሰው ከሰዓት በኋላ ጣሪያ ላይ አውጥቶ፣ በወደቀ ጊዜ «ጠጥቶ ነበር» ብሎ መከራከር በዳኛ ፊት የሚያስኬድ አይሆንም፤ በሽማግሌ ፊትማ ነውር ነው። ከፍታ ያለበትን ሥራ በጠዋት ፈጽሞ ግብዣውን ወደ ማታ ማዛወር አንድ ብር አያስወጣም፤ ከሚገዛው መድን ሁሉ በፊት የሚቀድም ጥንቃቄም ይኸው ነው።

ልማዱ ራሱ ግን ከሕጉ በፊት ያሰበው ብዙ ነገር አለው። ባላገሩ የታመመን ወይም የተሰበረን ጎረቤት እርሻ በደቦ ያርሳል፣ አዝመራውን ያጭዳል፤ ይህም በዘመናዊው ቋንቋ የተቋረጠ ገቢን መተካት ይባላል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ የቤት ባለቤትን ከሰው ውድቀት ጋር ያገናኘው ይህ ትእዛዝ የዛሬዎቹ ሕጎች ከመታሰባቸው በፊት በደጋው አብያተ ክርስቲያናት ሲነበብ የኖረ ነው።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ አብዛኛው ነገር የሚያልቀው በሽምግልና ነው፤ ይህም መልካም ነው፣ ሁለቱም ወገኖች ነገ በአንድ ደብርና በአንድ ገበያ የሚገናኙ ናቸውና። ሽማግሌዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ጊዜ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሣ ክስ የተሰጠው ጊዜ በመርሕ 2 ዓመት ስለ ሆነ፣ «ይሻለው እንደ ሆነ እንይ» እየተባለ ሲጠበቅ መብቱ ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው መጠኑ ነው። ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሥቃይና ለሐዘን የሚሰጠው ካሣ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ግን የአንዲት እናትን ሐዘን በዚህ መስፈር የሚያሳፍር ነው። ስለዚህ ክርክሩም ሆነ ዕርቁ ማተኮር ያለበት በሕክምናው ወጪ፣ በቀረው ገቢና በጥገኞቹ ቀለብ ላይ ነው፤ ለዚህም የሆስፒታል ደረሰኝ፣ የሐኪም ማስረጃና የቀን ክፍያው የተጻፈበት ደብተር ያስፈልጋል። ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት በቸልተኝነት ከደረሰ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ወይም 559 የወንጀል ክስ ሊመጣ እንደሚችልና ይህም በገንዘብ ዕርቅ ብቻ እንደማይዘጋ መታወቅ አለበት።

መድን በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። 13 ኩባንያዎች ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. የግል ኩባንያዎች እንዲሠሩ ከተፈቀደ ወዲህም በርካቶች ተከፍተዋል፤ የሚቆጣጠራቸውም ብሔራዊ ባንክ ነው። ባለ መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ሕግ ያስገድዳል፤ ቤት የሚያሠራ ግለሰብ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም። ባንክ ለቤት ብድር ሲሰጥ የሚጠይቀው የእሳት መድን የሚጠብቀው ሕንፃውን፣ በሕንፃውም አማካይነት የባንኩን ገንዘብ ነው፤ ከጣሪያው ለወደቀው ሰው የሚከፍለው ነገር የለም። ብዙ ሰው «ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» ብሎ የሚዘናጋው ይህን ባለማወቅ ነው።

ለተነሣው ጉዳይ የሚስማሙት የመድን ዓይነቶች ሌሎች ናቸው። የሠራተኞች ጉዳት ካሣ መድን አሠሪው በሥራ ሕጉ የሚጠየቀውን ካሣ ይሸፍናል፤ አረቦኑ የሚሰላውም በሚከፈለው ደመወዝ ድምር ላይ ነው። የሕዝብ ኃላፊነት መድን ለመንገደኛ፣ ለጎረቤትና ለጎብኚ ሲሆን ብዙውን ጊዜ የባለቤቱን የገዛ ሠራተኞች ስለማይጨምር ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ያሳስታል። ተቋራጮች የሚገቡት ሁሉን አቀፍ የግንባታ መድንም አለ፤ እርሱ በዋናነት የሚጠብቀው ሥራውን ራሱን ነው። ለአነስተኛ ቤት ሠሪ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚቀርበው የቡድን የግል አደጋ መድን ይመስላል፤ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ተሰጥቶ፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ገንዘብ አስቀድሞ ተቆርጦ፣ ኃላፊው ማን ነው የሚለው ክርክር ሳይጠበቅ ይከፈላልና። ማንኛውም መድን የሚቆመው ግን «ፖሊሲ» በሚባለው የውል ሰነድ ላይ ስለ ሆነ፣ የማይሸፈነው ምን እንደ ሆነ የሚናገረውን ክፍል ማንበብ፣ የሠራተኞቹን ቁጥር በእውነት ማስታወቅና አደጋ ሲደርስ በውሉ በተወሰነው አጭር ጊዜ ለኩባንያው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ሐሰት የተነገረበት ወይም ዘግይቶ የተነገረበት መድን በችግር ቀን ይከዳል። የመድን ሰዎችም ወደ ግሼ ተራሮችና የጀማና የወንጪት ወንዞች ወደ ቆራረጡት ወደ መርሐቤቴ ቆላና ደጋ ሊወርዱና ሊወጡ ይገባል፤ ለሁለት ወር ሥራ የሚሆን፣ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛ፣ በአማርኛ በአንድ ገጽ የተጻፈ ፖሊሲ ቢያቀርቡ የሚገዛቸው አያጡም።

እስከዚያው ባላገሩ በእጁ ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው፤ አባወራው የዓመት መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ካሳደሰ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ለሚደረግ ሕክምና ያግዘዋል። መርሐቤቴ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል በዓለም ከተማ አለላት፤ የመንዝ ሰው መሐል ሜዳ፣ ለከባድ ስብራትም ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ይህ መድን ግን ሕክምናን እንጂ ሳይሠራ የቀረበትን ወር አይከፍልም። ሁለተኛው እድር ነው፤ እድር በአብዛኛው ለሞት የተቋቋመ በመሆኑ የሞተውን ይቀብራል፣ የተሰበረውን ግን በደንቡ አያውቀውም። ሰው ሞቶ ለልቅሶ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ፣ ቆስሎ ሳለ ለሦስት ወር እህል ቢሰጥ ቤቱን ከመበተን ያድን ነበር፤ የእድር ዳኞች መተዳደሪያ ደንባቸውን ሲያሻሽሉ በደቦና በቤት ሥራ ለተጎዳ አባል የሚሆን አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ የሚከለክላቸው ሕግ የለም።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆነው በትውልድ አገራቸው ወይም በደብረ ብርሃን ቤት የሚያሠሩ የመንዝና የመርሐቤቴ ተወላጆች ለብቻቸው ሊያስቡበት ይገባል። በአሜሪካ የቤት ባለቤቶች መድን በግቢ ውስጥ ለተጎዳ እንግዳ የሚሆን የኃላፊነት ሽፋን ብዙውን ጊዜ አብሮ ስለሚይዝ፣ እዚያ የለመደ ሰው እዚህም ያለ ይመስለዋል። ወንድሙ ወይም አጎቱ በውክልና ሲያሠራለት ደግሞ ወኪሉ በተሰጠው ሥልጣን የሚቀጥረው ሰው የባለቤቱ ሠራተኛ እንጂ የወኪሉ አይደለም፤ ዕዳውም ባሕር ተሻግሮ ባለቤቱን ይፈልገዋል፣ በአገር ቤት ያለው ዘመድ ግን ከተጎጂው ቤተ ሰብ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይቀራል።

ስለዚህ ውል ሲጻፍ ስለ አሸዋውና ስለ ብሎኬቱ ከሚዘረዘረው ቀጥሎ ሠራተኞቹን የሚቀጥረውና የሚያዘው ማን እንደ ሆነ፣ መወጣጫውን በየጠዋቱ የሚፈትሸው ማን እንደ ሆነ፣ ሰው ቢጎዳ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መኪናና የመጀመሪያውን የሕክምና ወጪ ማን እንደሚከፍል በስም መጻፍ ይኖርበታል፤ ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በሥራው እንዳይገባ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነውም ወደ ከፍታ እንዳይወጣ መከልከል አለበት። ተቋራጩ መድን እገባለሁ ያለ እንደ ሆነም የፖሊሲው ቅጂ ከውሉ ጋር ካልተያያዘና ባለቤቱ ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን በዓይኑ ካላየ የመጀመሪያው ክፍያ እንደማይከፈል በውሉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢሰፍር፣ ምስክሮቹም ይህን ሰምተው ቢፈርሙ፣ ከዚያ ወዲያ ክርክር ቢነሣ ዳኛውም ሽማግሌውም የሚይዙት ነገር ይኖራቸዋል።